የሕዝብ ቆጠራን ከምርጫ ውጤት ጋር አስተያይቶ ማንበብ፦ ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ምርጫ ባለፈ ማግስት በጅማ መርካቶ ዙሪያ ባሉት ሻይ ቤቶች የሚሰማው ትንተና አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «ወጣቱ ነው ያመጣው»፣ «የገጠሩ ሰው ነው የመረጠው»፣ «ነጋዴው ፊቱን አዞረ» ይባላል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁንና በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ዕድሜም ሆነ ሥራ፣ ሃይማኖትም ሆነ የትውልድ ቦታ አይጻፍም፤ ድምፁ ምስጢር ነው። በእጃችን ያለው በአንድ ቦታ የተሰጠው ድምፅ ድምርና በዚያው ቦታ የሚኖረው ሕዝብ ድምር ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ፣ ከዚያም የተገኘውን በጥንቃቄ ለማንበብ የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ከሥራው ጊዜ አብዛኛው የሚያልቀው በስሌቱ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ድምሮች በእርግጥ ስለ አንድ ቦታ የሚናገሩ መሆናቸውን በማጣራት ላይ መሆኑን ነው። ለሥራው ኤክሴል ያለበት ኮምፒውተር፣ የቀበሌዎች ካርታና ደብተር ይበቃሉ።

1. ጥያቄውን መወሰን

«ለምን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ በሰንጠረዥ አይመለስም። ሊመለሱ የሚችሉት ጠበብ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው፦ የመራጭነት ምዝገባው የትኛው ቀበሌ ላይ ሳሳ፣ የድምፅ ተሳትፎው የት ከፍ አለ፣ የአንድ ፓርቲ የድምፅ ድርሻ ከከተማ ወደ ገጠር ሲኬድ እንዴት ተለዋወጠ የሚሉት። ከእነዚህ አንዱን መርጦ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ኋላ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ጥያቄው ሳይታወቅ ይቀየራልና።

ወንበርን ከድምፅ መለየትም የዚሁ እርምጃ አካል ነው። በአገራችን የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ እጩ ወንበሩን ይወስዳል፤ የተሸናፊዎቹ ድምፅ በወንበር ቁጥር ውስጥ አይታይም። አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበሮች አሏት። በ1997ቱ ምርጫ ሁሉንም የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ወሰደ፤ በ2002 ከአንዱ በቀር ሁሉም ወደ ገዢው ፓርቲ ዞሩ። የከተማዋ ሕዝብ የዕድሜ፣ የትምህርት ወይም የሥራ ስብጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሊገለበጥ አይችልም። የሥነ ሕዝብ መረጃ በዝግታ የሚለወጥ ነገር በመሆኑ የሚያገለግለው በአንድ ምርጫ ውስጥ ያሉ ቦታዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ነው፤ በሁለት ምርጫዎች መካከል የመጣን ድንገተኛ ለውጥ ለማስረዳት ሲጠራ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ቦታው ነው የሚገባው።

ከዚህ በተጨማሪ በምርጫ ክልሉ ፉክክር እንደነበረ ይጣራ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ በኦሮሚያ ከፍተኛ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስላልተሳተፉ በብዙ የምርጫ ክልሎች ገዢው ፓርቲ ለብቻው ቀርቧል። አንድ ስም ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ የድምፅ ድርሻን ከሕዝቡ ስብጥር ጋር ማዛመድ ትርጉም የለውም፤ በእንደዚህ ዓይነት ቦታ የሚጠናው ምዝገባ፣ ተሳትፎና ዋጋ አልባ ድምፅ ነው።

2. ውጤቱን በምርጫ ጣቢያ ደረጃ መሰብሰብ

የምርጫ ክልል አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ከአንድ ቁጥር ደግሞ ንጽጽር አይወጣም። ስለዚህ ወደ ምርጫ ጣቢያ መውረድ ግድ ነው። ቆጠራው እንዳበቃ የጣቢያው ውጤት በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በዕለቱ ማታ ወይም በማግስቱ በስልክ ፎቶ የተነሣ የውጤት ቅጽ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ነው፤ የጅማ ሰኔ ዝናቡ ስለማይታወቅ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ብዙ አይቆይም።

ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ረድፍ ይከፈትና በዓምዶቹ ላይ የጣቢያው ስምና ኮድ፣ ቀበሌው፣ የተመዘገቡ ወንዶችና ሴቶች፣ ድምፅ የሰጡ፣ ዋጋ አልባ ድምፅ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ እጩ ያገኘው ድምፅ ይሞላል። ከዚያ የእጩዎቹ ድምፅና ዋጋ አልባው ሲደመሩ ድምፅ ከሰጡት ጋር መግጠማቸው ይታይ። የማይገጥመው ረድፍ በቀለም ይለይ እንጂ አይስተካከል፤ ቁጥር ማስተካከል የእኛ ሥራ አይደለም።

መራጩ በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት እንደሚሰጠው መዘንጋት የለበትም፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት ነው። በክልሉ ወረቀት ላይ መራጩ ከአንድ በላይ እጩ መምረጥ ስለሚችል የድምፁ ድምር ከመራጩ ቁጥር ይበልጣል። ሁለቱን ቅጾች የቀላቀለ ሰው «ተጭበረበረ» የሚል ግኝት ይዞ ይወጣል፤ ያጭበረበረው ግን የራሱ ሰንጠረዥ ነው።

3. የቆጠራውን ዕድሜ ማወቅ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎች አከላለልም በቆጠራው ውጤት ላይ እንዲመሠረት ይደነግጋል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የግንቦት 1999ኙ ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የ2013ን ምርጫ የሚያጠና ሰው የ14 ዓመት ዕድሜ ያለው የሕዝብ ፎቶግራፍ ይዞ ነው የሚሠራው። በ1999 የአራት ዓመት ሕፃን የነበረው በ2013 መራጭ ሆኗል።

ይህ ማለት ቆጠራው ይጣል ማለት አይደለም፤ ወደ ምርጫው ዓመት መምጣት አለበት ማለት ነው። የጅማን ከተማ ቁጥር እንውሰድ። በጥቅምት 1987 ቆጠራ 88,867፣ በግንቦት 1999 ደግሞ 120,960 ሰው ተቆጥሯል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል 1.361 ይሆናል፤ በመካከላቸው 12.6 ዓመት ገደማ ስላለ ዓመታዊው ዕድገት ወደ 2.5 በመቶ ይጠጋል። ይኸው ዕድገት ሳይለወጥ ቀጥሏል ብለን እስከ ሰኔ 2013 ያለውን 14 ዓመት ብናሰላ 170,500 ገደማ ሰው እናገኛለን። ነገር ግን ከ1999 በኋላ ከተማው በፍጥነት ተለጥጧል፤ ዕድገቱን 3.5 በመቶ ብናደርገው ቁጥሩ ወደ 196,000 ይወጣል። የአንድ ነጥብ ልዩነት ወደ 26 ሺህ ሰው አመጣ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በተሳትፎ ላይ የሚያደርገውን ለማየት፣ ለልምምድ ያህል፣ ከነዋሪው 60 በመቶው ለመምረጥ የደረሰ ነው፣ የተመዘገበው ደግሞ 80,000 ነው እንበል። በመጀመሪያው ግምት የምዝገባው ሽፋን 78 በመቶ፣ በሁለተኛው 68 በመቶ ይሆናል። አንድም መራጭ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ በአንዱ ስሌት ሕዝቡ ለምርጫው ጓጉቷል፣ በሌላው ደግሞ ቀዝቅዟል ይባላል። ስለዚህ አንድ ግምት ብቻ ይዞ መሥራት ተገቢ አይደለም፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት በሁለት ዓምድ ይቀመጥና እያንዳንዱ ድምዳሜ በሁለቱም ላይ ይፈተን። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የታተሙት የወረዳ ትንበያዎችም ከዚሁ ከ1999 ቆጠራ የተነሡ በመሆናቸው አዲስ ቆጠራ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም።

ሌላ የማይስተዋል ነገር አለ። በ1999 ቆጠራ ሁለት ዓይነት መጠይቅ ነበር፦ አጭሩ ለሁሉም ቤተሰብ፣ ረጅሙ ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ብሔረሰብና ሃይማኖት ከሁሉም ተጠይቀዋል፤ ትምህርት፣ ሥራ፣ ፍልሰትና የቤቱ ሁኔታ ግን ከረጅሙ መጠይቅ የተገኙ ናቸው። በዞን ደረጃ ናሙናው ይበቃል፤ ወደ አንዲት ትንሽ ቀበሌ ሲወረድ ግን የተማረው ሰው ድርሻ በጥቂት ቤተሰቦች ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

4. ድንበር ከድንበር ማግጠም

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የምርጫ ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌና የቆጠራ ቦታ (ለቆጣሪዎች ሥራ የተከለለው አነስተኛ አካባቢ) አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምርጫ ክልሎቹ በጊዜው የነበረውን ወረዳ መነሻ አድርገው የተከለሉ ሲሆኑ አስተዳደሩ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለዋውጧል። አንዳንዱ ወረዳ ለሁለት የምርጫ ክልል የተከፈለ ነው፤ አጋሮ አካባቢ ያለው ጎማ ለምሳሌ ጎማ 1 እና ጎማ 2 ተብሎ ይጠራል። አዲስ የተቋቋመ ወረዳ ደግሞ በ1999 ቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ ስሙ አይገኝም፤ ሕዝቡ የተቆጠረው በእናት ወረዳው ውስጥ ነው። ጅማ ከተማም በዙሪያዋ ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን ጨምራለች።

የራሴን ስህተት ልንገር። መጀመሪያ ይህን ሥራ ስሞክር ከአንድ ጽሕፈት ቤት በተሰጠኝ የቀበሌዎች ዝርዝር ተማምኜ የሕዝቡን ሰንጠረዥ ከመራጭ ምዝገባው ጋር በስም አገናኘሁ። አንዷ ቀበሌ ላይ ለመምረጥ ከደረሰው ሕዝብ 134 በመቶው ተመዝግቧል የሚል ውጤት ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ምሥጢር የማገኝ መስሎኝ ስቆፍር ከረምኩ። በመጨረሻ ጉዳዩን የፈቱልኝ በሰፈሩ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አባት ናቸው፦ «ልጄ፣ ይቺ እኮ ድሮ ሁለት ቀበሌ ነበረች፤ ከተዋሃዱ በኋላ ነው ባንዱ ስም የተጠራችው» አሉኝ። ሕዝቡን ከአሮጌዋ ግማሽ፣ መራጩን ከአዲሷ ሙሉ ቀበሌ ወስጄ ነበር። በጅማ ሰው ሰፈሩን አንዳንዴ በድሮው የቀበሌ ቁጥር፣ አንዳንዴ እንደ ሄርማታ መርካቶ ወይም ቦሳ ቂጦ ባለው በአሁኑ ስም፣ አንዳንዴም ጭራሽ በሌላ የሰፈር ስም ስለሚጠራ ይህ ዓይነቱ ስህተት ቅርብ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ለብቻው አንድ የማገናኛ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል፤ በመጀመሪያው ዓምድ የ1999 ቆጠራ ቀበሌ፣ በሁለተኛው የአሁኑ ቀበሌ፣ በሦስተኛው የምርጫ ጣቢያው ኮድ፣ በአራተኛው ደግሞ ይህን ያረጋገጥነው በምን እንደሆነ ይጻፋል። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ ረድፍ ወደ ስሌት አይገባም። ስም በስም አይገናኝም፤ አንዱ ሰነድ «ሔርማታ» ሌላው «ሄርማታ» ብሎ ከጻፈ ኤክሴል ሁለት ቦታ አድርጎ ያያቸዋልና መገናኘት ያለባቸው በኮድ ነው። ድንበራቸው በምንም የማይገጥም ሁለት ወይም ሦስት ቀበሌዎች ካሉ አንድ ላይ ደምሮ እንደ አንድ ቦታ ማየት፣ ሕዝቡን በግምት ከማከፋፈል ይሻላል።

5. አካፋዩን ማስተካከል

አካፋይ የምንለው መቶኛው ሲሰላ ከሥር የሚገባውን የሰው ቁጥር ነው። በምርጫ ሕጉ መሠረት መራጭ የሚሆነው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ዜጋ ነው። የቆጠራ ሰንጠረዥ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት ስለሚያስቀምጥ ከ15 እስከ 19 ካለው ውስጥ 18ና 19 የሆኑትን መነጠል ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ የዚህን ምድብ 40 በመቶ መውሰድ ነው። በነጠላ ዓመት የተዘረዘረ ሰንጠረዥ ከተገኘ ይሻላል፤ ነገር ግን እሱም ወጥመድ አለው። ዕድሜውን በልደት ወረቀት የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ ወደ ድፍን ቁጥር ይጠጋል፤ በዚህም ምክንያት 20፣ 30፣ 40 ላይ ሰው ተከምሮ 29 እና 31 ላይ ይሳሳል። 18ም እንዲሁ ይስባል። ስለዚህ ነጠላ ዓመቶችን ሳይሆን ሰፋ ያለ የዕድሜ ክልል መጠቀም ይመረጣል።

ሦስት የተለያዩ አካፋዮች እንዳሉም ልብ ይባል፦ ለመምረጥ የደረሰ ሕዝብ፣ የተመዘገበ መራጭ፣ ድምፅ የሰጠ። «90 በመቶ ተሳትፎ» ሲባል ከተመዘገበው ነው ወይስ ከደረሰው? በምዝገባ ወቅት ግማሹ ቤቱ ከቀረ በኋላ የተመዘገበው ሁሉ ቢወጣም ተሳትፎው ከፍተኛ አይደለም። በእያንዳንዱ መቶኛ አጠገብ «ከምን» የሚለውን መጻፍ ግዴታ ነው።

6. የተለዩ ቦታዎችን መነጠል

የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የጦር ካምፕና የተፈናቃዮች መጠለያ ነዋሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ሊቋቋምላቸው ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመላ አገሪቱ የመጣ ነው፤ በግቢው አጠገብ ያለ ቀበሌ የዕድሜና የትምህርት ስብጥር ከጎረቤቱ ፈጽሞ ቢለይ መንስኤው ሰፈሩ ሳይሆን ግቢው ነው። ልዩ ጣቢያዎች በሰንጠረዡ ላይ ምልክት ይደረግባቸውና ስሌቱ አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ እነሱ ይሠራ።

7. መደርደርና ማየት

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንገባለን። ውስብስብ ቀመር ከመጠቀም በፊት ረድፎቹን በአንድ የሥነ ሕዝብ ዓምድ፣ ለምሳሌ በወጣቶች ድርሻ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደርና የፓርቲውን የድምፅ ድርሻ በዓይን መከተል ይበቃል። ቀጥሎ በኤክሴል የነጥብ ግራፍ ይሠራል፤ አግድሙ የወጣቶች ድርሻ፣ ሽቅቡ የድምፅ ድርሻ። የነጥቦቹ መጠን በመራጭ ቁጥር ቢለያይ መልካም ነው፤ 200 ሰው ያለበት ጣቢያና 1,500 ሰው ያለበት ጣቢያ እኩል መናገር የለባቸውም።

ግራፉ ላይ ዝንባሌ ከታየ ከመደሰት በፊት ከተማና ገጠሩን ለይቶ መድገም ያስፈልጋል። በጅማ ዞን ከተማ ሲባል ወጣት፣ የተማረ፣ ነጋዴና ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው አንድ ላይ ይበዛል፤ ገጠር ሲባል ቡና አምራች፣ ትልልቅ ቤተሰብና ረጅም ጊዜ በቦታው የኖረ ሰው አንድ ላይ ይበዛል። «ትምህርት ውጤቱን ወሰነ» ያልነው በእርግጥ ከተማነት ሊሆን ይችላል። ዝንባሌው በከተማ ጣቢያዎች መካከል ብቻም፣ በገጠር ጣቢያዎች መካከል ብቻም ከታየ ነው የሚታመነው።

8. ከቦታ ወደ ሰው መዝለልን መከልከል

የዚህ ሁሉ ሥራ ከባዱ ነጥብ ይህ ነው። ወጣት የበዛበት ጣቢያ ፓርቲውን ከመረጠ «ወጣቱ መረጠው» ማለት ይቻላል? አይቻልም፤ የመረጡት በዚያው ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን በቁጥር አሳይቷል። በአሜሪካ የ1930 ቆጠራ ላይ ግዛቶች ሲነጻጸሩ የውጭ ተወላጅ በበዛበት ግዛት ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ አነስተኛ ነበር፤ ተዛምዶው (ሁለት ነገሮች አብረው የመጨመራቸው ወይም በተቃራኒ የመሄዳቸው ልክ) ከዜሮ በታች 0.53። በሰው ደረጃ ሲታይ ግን የውጭ ተወላጆቹ ከአገሬው ይልቅ በመጠኑ ያልተማሩ ነበሩ፤ ተዛምዶው ከዜሮ በላይ 0.12። መጤዎቹ የሠፈሩት አገሬው በደንብ በተማረባቸው ግዛቶች ስለነበር የቦታው ቁጥር የሰዎቹን ተቃራኒ ተናገረ።

ታዲያ ስለ ሰው ምንም ማለት አይቻልም? የሚቻለውን ያህል በሒሳብ ማጠር ይቻላል። ለልምምድ 1,000 ሰው ድምፅ የሰጠበት ጣቢያ እንውሰድ፤ 600ው ወጣት፣ 400ው ጎልማሳ ነው፤ ፓርቲው 700 ድምፅ አገኘ። ጎልማሶቹ ሁሉ ቢመርጡት እንኳ ከ400 አያልፉም፤ ስለዚህ ቢያንስ 300 ድምፅ ከወጣቱ መጥቷል። ከወጣቱ የመጣው ቢበዛ 600 ነው። እንግዲህ በእርግጠኝነት የምናውቀው ከወጣቱ ከ50 እስከ 100 በመቶው እንደመረጠው ነው፤ ከጎልማሳው ደግሞ ከ25 እስከ 100 በመቶ። ሰፊ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጣቢያው ውስጥ 900ው ወጣት ቢሆንና ፓርቲው ያንኑ 700 ቢያገኝ፣ ከወጣቱ የመጣው ከ600 እስከ 700 ድምፅ ይሆናል፤ ይህም ከ67 እስከ 78 በመቶ ነው። ስለ አንድ ቡድን የተሻለ የሚነግሩን ያ ቡድን በጣም የበዛባቸው ጣቢያዎች ናቸው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑን በሁለት ዓምድ ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ብዙ የሻይ ቤት ክርክር ይዘጋል።

ይህ ስሌት በዕድሜ ፋንታ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ሲሠራ ጥንቃቄው በእጥፍ ይጨምራል። ኦሮሞ፣ አማራ፣ ዳውሮ፣ ጉራጌ፣ ከፋና የም በአንድ አጥር ግቢ በሚኖሩባት ጅማ፣ «ይህ ጣቢያ የእነ እገሌ ነው፤ እንዲህ መረጡ» ብሎ በጣቢያ ስም ማውጣት ምስጢራዊ ድምፅን መግለጥ ነው። እንዲህ ያለውን ዓምድ ቢያንስ በወረዳ ወይም በዞን ደረጃ አጠቃሎ ማቅረብ፣ ከዚያ በታች ያለውን ከራስ ፋይል አለማውጣት ይገባል።

9. ያልገጠሙትን ረድፎች ይዞ መውጣት

በመጨረሻ ከግራፉ ዝንባሌ በጣም የራቁ ሦስት ወይም አራት ጣቢያዎች ይመረጡና በእግር ይኬድባቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማንን መረጣችሁ?» ሳይሆን «ከቆጠራው ወዲህ ማን መጣ፣ ማን ሄደ?» ነው። ለዚህ ከእድር ጸሐፊ የተሻለ ሰው አላውቅም፤ የትኛው ቤተሰብ እንደገባ፣ የትኛው እንደለቀቀ፣ መቼ እንደሆነም በመዝገቡ ላይ አለው። መዝገቡን እንዲሰጥ አይጠየቅም፤ የአባላቱ ቁጥር በ1999 ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ ብቻ ቢነግረን ይበቃል። ቁጥሩ በእጥፍ ከጨመረ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ተመልሰን የዚያን ቀበሌ የዕድገት ግምት እናርማለን። ካልጨመረ የማገናኛ ሰንጠረዡን አራተኛ ዓምድ እንደገና እናያለን፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ረድፉ እንዳለ ይቆያል፣ ከጎኑም የሄድንበት ቀንና የተነገረን ነገር ይጻፋል።